ለሌዘር የሚሆን ዓይን

እስቲ ጆሮ ስጡኝ። ዛሬ የምተርክላችሁ የአንዲት ቀጭን ሽፋን ታሪክ ነው። ከዓይናችን ፊት ላይ ተዘርግታ ብርሃንን ቀድማ የምትቀበል፣ ደም ሥር የማያልፍባት፣ ውፍረቷ ከግማሽ ሚሊ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ፣ ጥርት ያለች ሽፋን ናት። ሐኪሞች ኮርኒያ ይሏታል። ዓይን ብርሃንን ሰብስቦ ምስል ለመሥራት ከሚያስፈልገው ኃይል ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚገኘው ከእሷ ነው። የዓይን ኳስ ከልኩ ረዘም ሲል የሩቁ ነገር ይደበዝዛል፤ ይህችን ሽፋን መሐሏ ላይ ጥቂት ዝርግ ቢያደርጓት ደግሞ የደበዘዘው ይጠራል። መነጽሩን አውልቆ ለመጣል የሚመኝ ሰው ተስፋው ያለው እዚህች ላይ ነው። ይህን ትረካ የያዝኩትም ያ ሰው የሚለካበትን ቀን ከቀዶ ሕክምናው ቀን አብልጦ እንዲያከብረው ከልቤ ስለምፈልግ ነው።

ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እየቆጠርኩ ልሂድ። በ1930ዎቹ ቶኪዮ ውስጥ፣ በጁንቴንዶ፣ ጹቶሙ ሳቶ የሚባሉ የዓይን ሐኪም ነበሩ። እኚህ ሰው ኬራቶኮነስ የያዛቸውን ሕመምተኞች ያክሙ ነበር። ኬራቶኮነስ ማለት ኮርኒያ እየሳሳች፣ እየላላች፣ ወደ ፊት እየሾለች የምትሄድበት ሕመም ነው። አንዳንዴ የሾለችው ኮርኒያ የውስጠኛው ንጣፏ በራሱ ጊዜ ይሰነጠቃል። ሳቶ ያስተዋሉት ስንጥቁ ሲሽር ሹሉ ዝርግ ማለቱን ነው። ተፈጥሮ ሰንጥቃ ከዘረጋችው እኔስ በምላጭ ብሰነጥቀው? ብለው ጠየቁ። እናም የቅርብ እንጂ የሩቅ የማይታያቸውን ሰዎች ኮርኒያ ከውጭም ከውስጥም መሰንጠቅ ጀመሩ።

ሰዎቹ አዩ፤ መነጽራቸውንም አስቀመጡ። ግን አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት ሲያልፍ ኮርኒያቸው ውሃ እየቋጠረ ያብጥና ይደፈርስ ጀመር። ውስጠኛው ንጣፍ ላይ ያሉት ሴሎች ሥራቸው ውሃውን እየቀዱ ሽፋኗን ጥርት አድርጎ መጠበቅ ነው፤ አንዴ ከሞቱ ሌላ አይተካቸውም። በሳቶ ዘመን ይህ ገና አልታወቀም ነበር። ይህችን ኬራቶኮነስ የምትባል ስም ያዙልኝ። መንገዱን የከፈተችው እሷ ናት፤ ወደ ኋላ ደግሞ በሩን ስትዘጋ ታገኟታላችሁ።

ከቶኪዮ ወደ ቦጎታ እንሻገር። ኋላ ኮሎምቢያ ውስጥ የሠሩት ሆሴ ኢግናስዮ ባራከር፣ የዓይን ሐኪም ከዓይን ሐኪም ቤተሰብ የተወለዱ፣ በ1949 አዲስ ሐሳብ አሳተሙ፦ ከኮርኒያ ላይ ስስ ክብ ገፎ ማንሳት፣ አቀዝቅዞ በመሞረጃ ቅርጹን ማስተካከል፣ መልሶ ቦታው ላይ መስፋት። ዛሬ ላሲክ የሚባለው የሌዘር ሕክምና ሐሳቡን የወረሰው ከዚያ ነው። ሞስኮ ላይ ደግሞ በ1970ዎቹ ስቪያቶስላቭ ፊዮዶሮቭ በምላጭ ኮርኒያን ከውጭ በኩል ብቻ እንደ ፀሐይ ጨረር እየሰነጠቁ በብዛት አከሙ። አሜሪካኖች ያንን ዘዴ ወስደው ታካሚዎቹን አሥር ዓመት ተከታተሉ፤ ውጤቱ በ1994 ሲወጣ ከዓይኖቹ 43 በመቶ የሚሆኑት በእነዚያ ዓመታት ውስጥ 1 ዳዮፕተር (የመነጽር ኃይል መለኪያ ነው) ወይም ከዚያ በላይ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ተንሸራተው ተገኙ። የሩቁን ለማየት የተቆረጡ ሰዎች ቀስ በቀስ የቅርቡ ይጠፋቸው ጀመር። ምላጭ ያላላው ኮርኒያ መንሸራተቱን አያቆምም፤ ይህን ያስተማረን ጊዜ ነው።

አሁን ኒው ዮርክ ግዛት፣ ዮርክታውን ሃይትስ። አይቢኤም የሚባለው የኮምፒውተር ኩባንያ እዚያ የምርምር ማዕከል አለው። ማድራስ የተወለዱት ኬሚስት ራንጋስዋሚ ስሪኒቫሰን ከጄምስ ዊን እና ከሳሙኤል ብለም ጋር 193 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው፣ ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ብርሃን የሚተኩስ ኤክሳይመር ሌዘር ይዘው ፕላስቲክ ይቀርጹ ነበር። በ1981 ኅዳር፣ የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል በዋለ ማግስት፣ ስሪኒቫሰን ከቤት የተረፈ የቱርክ ዶሮ ወደ ሥራ ቦታ ይዘው መጡ። የዶሮውን ቅርጫጭት በዚያ ብርሃን መቱት። ቆረጠ፤ ግን አላቃጠለም። ዳርና ዳሩ አልጠቆረም፣ አልተኮማተረም። ብርሃኑ የሞለኪውሎቹን ማሰሪያ ራሱን እየበጠሰ ያተናቸዋል እንጂ ጎረቤቱን አያሞቅም። በየምቱ የሚያነሳው ከአንድ ማይክሮን ያነሰ ነው፤ ማይክሮን ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ።

በ1983 ስቲቨን ትሮከል የሚባሉ የኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሐኪም ወደ ስሪኒቫሰን መጡና ይህ ብርሃን ለኮርኒያ እንደሚሆን በጥጃ ዓይን አሳዩ። በ1988 ደግሞ ኒው ኦርሊንስ ላይ ማርጋሪት ማክዶናልድ የሚያይ የሰው ዓይን በዚህ ሌዘር አረሙ። ያቺን ዓይን የሰጠችው ሴት በካንሰር ምክንያት ዓይኗ ሊወጣ የተቆረጠላት ነበረች። ከመውጣቱ በፊት ለሌላው ሰው ይጥቀም ብላ ፈቀደች። ስለ ሌዘር የሚያወራ ሁሉ ማሽኑን ያመሰግናል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማከብረው እሷን ነው። ክሬት ደሴት ላይ ዮአኒስ ፓሊካሪስ የባራከርን ገፎ ማንሳት ከኤክሳይመር ሌዘር ጋር አጋቡት፤ ላሲክ የሚለውን ስም ያወጡትም እሳቸው ናቸው። በ1995 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሌዘሩን ፈቀደ። ወዲያው ጎርፍ ሆነ። በየከተማው ማስታወቂያ ተሰቀለ፤ ደቂቃው ተነገረ፣ ዋጋው ተነገረ።

በ1998 ግን ከጀርመን አንድ ማስጠንቀቂያ መጣ። ቴኦ ዛይለር የሚባሉት ፕሮፌሰር፣ ከዚህ ሕክምና ፈር ቀዳጆች አንዱ ሆነው ሳለ፣ ላሲክ ከተሠራ በኋላ ኮርኒያቸው መሾል የጀመረ ታካሚዎችን ለሕክምናው ዓለም ይፋ አደረጉ። ያቺ ኬራቶኮነስ በሐኪም እጅ ተመልሳ መጣች ማለት ነው። ኮርኒያን የሚያጸኑት ኮላጅን የሚባሉት ክሮች ናቸው። ክሮቹ ከመጀመሪያው ደካማ ከነበሩ፣ ወይም የቀረው ውፍረት ካነሰ፣ የዓይን ውስጥ ግፊት ከኋላ ይገፋታል፤ ሽፋኗ ትረታለች። ከዚያ ወዲህ የዚህ ሕክምና ትልቁ ጥያቄ «እንዴት እንቁረጥ?» መሆኑ ቀርቶ «የማንን እንተው?» ሆነ።

አንዲት ልጅ በሐሳባችን እናምጣ። ዕድሜዋ 23፣ አዲስ አበባ የምትኖር፣ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ መነጽር ያልተለያት። ሠርጓ ደርሷል። ገንዘቡን አጠራቅማለች። የዓይን ክሊኒኩ ወንበር ላይ ተቀምጣ ተራዋን ትጠብቃለች። ከጎኗም ሌሎች አሉ።

አንዱ የ18 ዓመት ተማሪ ነው፤ መነጽሩ በየዓመቱ ይቀየራል። ዓይኑ ገና እያደገ ስለሆነ ዛሬ ያረሙለት ነገ ያመልጣል። ቁጥሩ ለአንድ ዓመት ከግማሽ ዳዮፕተር በላይ ሳይንቀሳቀስ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ ብዙ ሐኪሞችም ሃያውን ሳይሻገር አይነኩትም። አጠገቡ የምታጠባ እናት አለች፤ በእርግዝናና በጡት ማጥባት ጊዜ ሆርሞን የኮርኒያን ቅርጽም የእንባን መጠንም ስለሚያናጋ ልጇ ጡት ከተወ በኋላ ትመጣለች። ከገጠር የመጡ አንድ ሰው ደግሞ በልጅነታቸው ትራኮማ ይዟቸው ነበር። ኢትዮጵያ ትራኮማ እጅግ ከጸናባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ናት። የቆብ ጠባሳና የእንባ እጥረት ያለበት ዓይን ላይ ሌዘር መጨመር በቁስል ላይ ቁስል ነው። ቁርጥማት ያለበት፣ ስኳሩ ያልተረጋጋ፣ ዓይኑን ሄርፒስ የያዘው፣ ከሁለት ዓይን የሚያይበት አንዱ ብቻ የሆነ፣ እነዚህ ሁሉ ወይ ይቆያሉ ወይ ይመለሳሉ።

የ46 ዓመቱ የሒሳብ ሠራተኛ ጉዳይ ግን ረጋ ብሎ መታየት አለበት። መነጽራቸው ማይነስ 2 ነው። ቀኑን ሙሉ ደብተርና ኮምፒውተር ላይ ናቸው፤ ሲያነቡ መነጽራቸውን አውልቀው ነው። ሌዘሩ የሩቁን ያጠራላቸዋል፤ በዚያው ቀን ግን ያለ መነጽር የሚያነቡበትን ጸጋ ይወስድባቸዋል። ከአርባ ዓመት በኋላ የዓይን ውስጠኛው ሌንስ ይደርቃል፣ እንደ ልብ አይታዘዝም፤ ሌዘሩም እዚያ አይደርስም። ደግ ሐኪም እዚህ ላይ አይቸኩልም። አንዱን ዓይን ለሩቅ፣ ሌላውን ለቅርብ አድርጎ በኮንታክት ሌንስ ያስሞክራቸዋል። ለጥቂት ቀን ቢሮም ይዋሉበት፣ ደረጃም ይውረዱበት። ከለመዱት ጥሩ፤ አእምሯቸው ካልተቀበለው ደግሞ ሌንሱ ይወልቃል፣ የተቆረጠ ነገር የለም።

ወዲያ ማዶ ሌሊት የሚነዳ የከባድ መኪና ሾፌር አለ። ከአዳማ እስከ ጅቡቲ መንገዱን በሌሊት ያውቀዋል። ለእሱ የሚነገረውን በቁጥር ልንገራችሁ፤ ሰው ሳይሰማው መፈረም የለበትም። በ2008 በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፊት የተጎዱ ታካሚዎች ቀርበው አቤት ካሉ በኋላ ጥናት ተካሄደ። ከላሲክ በፊት ምንም የእይታ ምልክት ካልነበረባቸው ሰዎች እስከ 46 በመቶ የሚሆኑት ከ3 ወር በኋላ ቢያንስ አንድ አዲስ ነገር አዩ፦ በመብራት ዙሪያ ክብ፣ የሚበተን ጨረር፣ ጥላ ያለው ምስል። የዓይን ድርቀት ካልነበረባቸውም እስከ 30 በመቶ ድርቀት ጀመራቸው፤ ሽፋኑ ሲገፈፍ ለዓይን «እንባ አፍስስ» የሚሉት ነርቮች አብረው ይቆረጣሉና። የዕለት ኑሯቸው እጅግ የታወከባቸው ከ1 በመቶ በታች ናቸው። ከ95 በመቶ በላይ የሆኑትም በእይታቸው ረክተዋል። ሁለቱም እውነት ነው። ሾፌሩ የዓይኑ ብሌን በጨለማ ምን ያህል እንደሚሰፋ ይለካል፤ ከፊቱ የሚመጣ መኪና መብራት ለእሱ እንጀራውም ሕይወቱም መሆኑን አስቦ ይወስናል።

ልጅቷ ተጠራች።

ሐኪሟ በዕድሜ የገፋች ሴት ናት። ገና ማሽን ሳትነካ ጠየቀቻት፦ «ኮንታክት ሌንስ ታደርጊያለሽ?»

«አላደርግም ዶክተር።»

«ጥሩ። የሚያደርግ ሰው ለስላሳውን ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ጠንካራውን ከዚያ ለበለጠ ጊዜ አውልቆ መምጣት አለበት፤ ሌንሱ የዓይንን ቅርጽ ይጫናል። ለብጉር የምትወስጂው መድኃኒት አለ?»

«የለም።»

ከዚያ ልኬቱ ተጀመረ። መጀመሪያ ፊደሉን አነበበች። ቀጥሎ የዓይንን ጡንቻ የሚያዝል ጠብታ ተደረገላት፤ ወጣት ዓይን ሳያስበው ስለሚጨናነቅ ቁጥሩን ያጋንነዋል። ሲለካ ማይነስ 4.5 ሆነ። በሰፋው ብሌን ውስጥ ሬቲናዋ፣ የዓይኗ የኋለኛው ንጣፍ፣ ታየ፤ ረጅም ዓይን ያለው ሰው ሬቲናው ዳር ዳሩ ላይ ሊሳሳ ይችላል፣ ሌዘሩ ደግሞ ያንን አያድንም። የዓይን ግፊቷ ተለካ። ከታችኛው ቆቧ ሥር ስስ ወረቀት ተንጠልጥሎ እንባዋ በ5 ደቂቃ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚያርሰው ታየ። ሁሉም ደህና።

ቀጥሎ ሒሳቡ። የቻርልስ መነርሊንን ቀመር ሐኪሞች በቃላቸው ያውቁታል፦ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ላይ ሲሠራ ለእያንዳንዱ ዳዮፕተር 12 ማይክሮን ያህል ይነሳል። የልጅቷ ኮርኒያ 528 ማይክሮን ነው። የሚገፈፈው ክዳን 110 ነው እንበል። ለ4.5 ዳዮፕተር 54 ይነሳል። ከሥር የሚቀረው 364። ዝቅተኛው ወሰን 250 ነው፤ ብዙዎች 300 ካልቀረ አይሠሩም። በዚህ በኩል ልጅቷ አለፈች። በእሷ ፈንታ ማይነስ 9 የሆነ፣ ኮርኒያውም 490 ብቻ የሆነ ሰው ቢመጣ 110 እና 108 ሲነሳለት 272 ይቀረው ነበር። በአንዱ ወሰን ያልፋል፣ በሌላው ይወድቃል፤ ከጠቅላላው ውፍረት የተነካበትም ከ40 በመቶ ይበልጣልና ጠንቃቃ ሐኪም ይመልሰዋል። እንዲህ ላለው ሰው ኮርኒያን ሳይቀንሱ ዓይን ውስጥ የሚገባ ሌንስ አለ፤ ያ ሌላ ምርመራ ይፈልጋል።

ልጅቷ ፈገግ ብላለች። ቁጥሩ ገብቷታል።

«አሁን ካርታውን እናንሳ» አለች ሐኪሟ።

ካርታ የምትለው የኮርኒያን ቅርጽ ነው። አንቶንዮ ፕላሲዶ የሚባሉ ፖርቱጋላዊ ሐኪም በ1880 ገደማ ጥቁርና ነጭ ክቦች የተሳሉበት ሰሌዳ በዓይን ፊት ይዘው ክቦቹ ኮርኒያ ላይ ሲያንጸባርቁ ይመለከቱ ነበር። ክቦቹ ዙሪያቸው እኩል ከሆነ ሽፋኗ እኩል ናት፤ በአንድ በኩል ከተጨናነቁ እዚያ ሾላለች። የዛሬው ማሽን ያንኑ ይሠራል፤ ከዚያ አልፎ የኋለኛውን ገጽ ጭምር ይቀርጻል። መሾል ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚታየው ከኋላ በኩል ነውና።

ስክሪኑ ላይ ቀለም ወጣ። ከላይ አረንጓዴና ሰማያዊ። ከመሐሉ ዝቅ ብሎ ግን ቀይ ጉብታ። ሐኪሟ ሌላኛውን ዓይን አነሳች፤ እዚያም አለ፣ ቀለል ብሎ። የኋለኛውን ገጽ ከፈተች። እዚያም ያው ቦታ ወደ ፊት ወጥቷል። ያለፈውን ዓመት የመነጽር ወረቀት ጠየቀቻት። አስቲግማቲዝሙ፣ ማለትም የኮርኒያዋ ጉብታ በየአቅጣጫው እኩል ያለመሆን ልክ፣ ከ1.5 ወደ 2.25 ከፍ ብሏል።

«የኔ ልጅ፣ ዓይንሽን ታሻሻለሽ?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ ያሳክከኛል ዶክተር። አቧራ ሲሆን፣ በበጋ። እማዬ ተይ ትለኛለች።»

ይህን መልስ የኢትዮጵያ የዓይን ሐኪሞች ደጋግመው ይሰማሉ። ሞቃት፣ ደረቅና አቧራማ በሆነ አገር የልጆች የዓይን አለርጂ የተለመደ ነው። ያሳክካል፣ ይቀላል፣ ዝልግልግ ያለ ነገር ያወጣል። ልጁ በእጁ አንጓ ያሸዋል፣ ሲያሸው ደስ ይለዋል። ያ ማሸት ኮርኒያን እያላላ ከኬራቶኮነስ ጋር እንደሚያያዝ የታወቀ ነው። በየቤቱ «ዓይን ያሳክከዋል፣ ሲያድግ ይተወዋል» እየተባለ የሚታለፈው ነገር ነው እንዲህ የሚሆነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ጠብታው አለ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ አለ፣ ልጁን ወደ ሐኪም መውሰድ አለ።

«ሌዘሩን አልሠራልሽም» አለች ሐኪሟ።

«ቁጥሩ ደህና ነው አላሉኝም?»

«ውፍረቱ ደህና ነው። ጥንካሬው አይደለም። ዛሬ ብቆርጥልሽ ለሠርግሽ በደንብ ታያለሽ፤ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ግን ይሾልና መነጽርም አያጠራልሽም። መጨረሻው የሰው ኮርኒያ መጠበቅ ሊሆን ይችላል።»

ልጅቷ አለቀሰች። ሐኪሟ ዝም ብላ ጠበቀቻት፤ መሐረብም ሰጠቻት፣ ግን «አታሺው፣ ንኪው ብቻ» አለቻት።

ከዚያ ሊደረግ የሚችለውን ነገረቻት። ያ በ1998 ያስጠነቀቁት ዛይለር ከድሬስደን የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2003 አዲስ ሕክምና አሳትመዋል። ቫይታሚን ቢ 2 የሆነውን ሪቦፍላቪን በጠብታ ኮርኒያ ላይ ያደርጋሉ፣ ከዚያ አልትራቫዮሌት ብርሃን ያበሩበታል፤ የኮላጅን ክሮቹ እርስ በርስ ይተሳሰራሉ፣ ሽፋኗ ትጠነክራለች። ክሮስሊንኪንግ ይሉታል። ዋና ሥራው የሚሾለውን ባለበት ማቆም ነው፤ መነጽርን አያስጥልም። ጊዜው ሳያልፍ ከተሠራ ግን ዓይንን ያተርፋል። እየጨመረ መሆኑን ለማረጋገጥ ከጥቂት ወር በኋላ ካርታው እንደገና ይነሳል፤ እስከዚያ የአለርጂው ጠብታ ይጀመራል፣ ማሸት ይቆማል። ለጠራ እይታ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ዓይን የሚሠራ ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ አለ።

«ውጭ አገር ብሄድስ? ሕንድ ዓይኗን ያሠራች ጓደኛ አለችኝ።»

«ብትሄጂም ይህን ካርታ ይዘሽ ሂጂ፤ አይተው እንሠራለን ካሉሽ ተነሥተሽ ውጪ። ለጓደኛሽም ንገሪያት፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተለካችበትን ወረቀት እንዳትጥለው። ስታረጅ የዓይን ሞራ ቢመጣባት የሚገባላት ሌንስ ኃይሉ የሚሰላው ያ ወረቀት ካለ በቀላሉ ነው፤ የሳሳ ኮርኒያ ላይ የግላኮማ ግፊትም ከልኩ ዝቅ ብሎ ስለሚነበብ ለሚለካት ሐኪም ሁሉ መሠራቷን መናገር አለባት።»

ልጅቷ ወረቀቶቿን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሐኪሟ ካርዷ ላይ እየጻፈች ቀና ሳትል ጠየቀች፦

«እህት ወንድም አለሽ?»

«አንድ ወንድም አለኝ። አሥራ አራት ዓመቱ ነው።»

«እሱስ ያሻል?»

ልጅቷ አሰበች። «እኔን ይበልጠኛል።»

«በቤተሰብ ይሄዳል ይሄ ነገር። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት አስፈቅደሽ አምጪው፤ ካርታውን እኔ ራሴ አነሳለታለሁ።»